ሴፍቲ ካር ሲወጣ ሾፌሩን በቀጥታ ማናገር፦ ድምፁ በየት በኩል ነው የሚሄደው?

ፍሬን_ዘይት

ሰላም ለሁላችሁ። የአውስትራሊያውን የመኪና ውድድር ባተርስት 1000 የምትከታተሉ ይህን ሳታዩ አትቀሩም። አደጋ ሲኖር ፊት ፊት እየሄደ ሁሉንም የሚያዘገየው ሴፍቲ ካር ይወጣል፣ ኮሜንታተሮቹ መኪና ውስጥ ያለውን ሾፌር በስሙ ጠርተው «ጎማው እንዴት ይዞሃል?» ይሉታል፣ እሱም እየነዳ ይመልሳል። የአሜሪካው የመኪና ውድድር ናስካር ላይም አለ።

የኮሜንታተሩ ድምፅ ሾፌሩ ጆሮ የሚደርሰው በቡድኑ ራዲዮ ነው ወይስ ለብቻው በተዘረጋ መስመር? ሾፌሩ የራሱን ድምፅ ዘግይቶ መልሶ አይሰማም? ተፎካካሪ ቡድን አይሰማም? ፎርሙላ 1 ላይስ ለምን የለም?

ደግሞ በዩቲዩብ በቀጥታ ለሚተላለፍ ትንሽ የካርቲንግ ውድድር በርካሽ ይሠራል ወይ? ሚክሰርና ሁለት የእጅ ራዲዮ አለ።

ኬብል_በኬብል

ሁለቱም መንገድ አለ፤ ቀላሉ የቡድኑ ራዲዮ ነው። ከሾፌሩ ልነሳ።

ሄልሜቱ አገጭ ላይ ከንፈር ሊነካ ምንም ያልቀረው ትንሽ ማይክ አለ። ጆሮው ውስጥ በጆሮው ቅርጽ የተሠራ ማዳመጫ ገብቷል፤ ድምፅ ያስገባል፣ የሞተሩን ጩኸት ደግሞ ያፍናል። የሁለቱ ሽቦ በአንድ ጥምዝምዝ ገመድ ወርዶ ከመኪናው መስመር ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ ወደ ራዲዮው፣ ከራዲዮው ወደ ጣሪያው አንቴና። የመናገሪያው ቁልፍ መሪው ላይ ነው። በአንድ ቻናል እየተፈራረቁ በሚነጋገሩበት ራዲዮ ሾፌሩ ቁልፉን ካልተጫነ ማንም አይሰማውም፤ ሲጫን ደግሞ እሱ ማንንም አይሰማም። ይህችን ያዛት፤ ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከእሷ ነው። ለቴሌቪዥን 20 ሰከንድ የሚያወራ ሾፌር ለ20 ሰከንድ «ፊትህ መኪና ቆሟል» የሚለው ኢንጂነሩ አይደርስለትም።

በቴሌቪዥኑ በኩል፣ በስርጭቱ የድምፅ መኪና ውስጥ በቡድኑ ፈቃድ የቡድኑ ቻናል የተሞላበት ራዲዮ ይቀመጣል። የሚቀበለው ድምፅ ወደ ሚክሰሩ አንድ ቻናል ይገባል። ለመላክ ደግሞ የኮሜንታተሩ ማይክ ብቻ ተነጥሎ ወደ ራዲዮው ይሄዳል፣ ያውም ፕሮዲውሰሩ ሲከፍተው ብቻ። ከመክፈቱ በፊት በውስጥ መገናኛ የቡድኑን ኢንጂነር ይጠይቃል፤ ኢንጂነሩ ለሾፌሩ «ቴሌቪዥን ሊያናግርህ ነው» ብሎ ይነግረውና ዝም ይላል። ኢንጂነሩ ሳያውቅ ከተከፈተ ሁለት ሰው በአንድ ቻናል ላይ ይጫናል፤ ሾፌሩ ጆሮ የሚደርሰው ፉጨትና ጩኸት ብቻ ነው።

ለብቻ የሚዘረጋው መስመር ከመኪና ውስጥ ካሜራ ጋር የመጣ ነው። የአውስትራሊያው ቻናል ሰቨን ሬስካም የሚባለውን ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1979 ባተርስት ላይ በፒተር ዊልያምሰን ቶዮታ ሴሊካ ውስጥ ገጠመው፤ ዊልያምሰን እየነዳ ከኮሜንታተሮቹ ጋር አወራ። ምስሉ ከመኪናው ወደ ላይ፣ ትራኩ ላይ ወደሚዞር ሄሊኮፕተር ይላክና ከዚያ ወደ መሬት ጣቢያ ይወርድ ነበር። ተራራ ላይ በተሠራ ትራክ ከመሬት ወደ መሬት ብትሞክረው በየመታጠፊያው ይቆረጣል።

የራስን ድምፅ መልሶ መስማት ላልከው፣ ለሾፌሩ የሚላከው የስርጭቱ ሙሉ ድምፅ አይደለም። ከሚክሰሩ ላይ ከእሱ ከራሱ ድምፅ በስተቀር ያለው ብቻ ተነጥሎ ይላክለታል። ይህ ካልተደረገና ድምፁ በ200 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ከተመለሰበት ማንም ሰው ይንተባተባል፤ የሚነዳ ሰው ደግሞ ማውራቱን ትቶ ማዳመጫውን ሊነቅል ይችላል። ስድብ ለመቁረጥ የሚገባው የጥቂት ሰከንድ ማዘግያ ደግሞ ከሚክሰሩ በኋላ፣ ወደ ተመልካቹ በሚወጣው መስመር ላይ ነው መቀመጥ ያለበት። ከፊት ካስቀመጥከው ጠያቂና ተጠያቂ አይገናኙም።

ሌላው ከንፈርና ድምፅ ነው። የራዲዮው ድምፅ ወዲያው ይደርሳል፣ ምስሉ ግን በየማሽኑ ሲያልፍ ይዘገያል። ስለዚህ ወደ ስርጭት የሚወጣው የሾፌሩ ድምፅ በምስሉ ልክ ይዘገያል፤ ኮሜንታተሩ ጆሮ የሚሄደው ግን ሳይዘገይ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያዘገይ ቴክኒሻን ካለ ኮሜንታተሩ ሁልጊዜ መልሱ ሳያልቅ ሲያቋርጥ ታየዋለህ።

ተፎካካሪ ይሰማል ወይ? ናስካር ላይ ተመልካቹ ራሱ ስካነር (የራዲዮ ማዳመጫ መሣሪያ) ተከራይቶ የቡድኖችን ራዲዮ ያዳምጣል፣ ምስጢር የለም። ሌላ ቦታም ቢሆን ተፎካካሪው ራዲዮ መጥለፍ አያስፈልገውም፤ ፒት (ቡድኖቹ መኪናቸውን የሚቀበሉበት ቦታ) ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን አለው። ሾፌሩም ይህን ስለሚያውቅ «መቼ ነው የምትገባው?» ብትለው የሚመልስልህ ስለ አየሩ ጠባይ ነው።

ቢጫ_ባንዲራ

ኬብል በኬብል የድምፁን ጉዳይ ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ሰዓቱ ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ናስካርን እንውሰድ። ቢጫ ባንዲራ (የአደጋ ምልክቱ) ሲወጣ መጀመሪያ ያሉት ደቂቃዎች የማይነኩ ናቸው። ሾፌሩ ፍርስራሽ እየሸሸ፣ ቦታውን እየያዘ፣ ከስፖተሩና (ከፍ ብሎ ቆሞ ትራኩን ከሚያይለት ሰው) ከቡድኑ አለቃ ጋር ፒት ይግባ አይግባ እየተነጋገረ ነው። ቀጥሎ ፒት ይከፈታል፣ ጎማ ይቀየራል፣ ቤንዚን ይሞላል። ለቃለ መጠይቅ የሚሆነው ጊዜ ሁሉም ከፒት ወጥቶ ሰልፉ ከተስተካከለ በኋላ ውድድሩ እንደገና ሊጀመር «አንድ ዙር ቀረ» እስኪባል ያለው ነው። «አንድ ዙር ቀረ» ከተባለ በኋላ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ካየህ ወይ ጀማሪ ነው ወይ ፕሮዲውሰሩ ተኝቷል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ውድድሩ በምዕራፍ ስለተከፈለ በየምዕራፉ መጨረሻ ቢጫ እንደሚወጣ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ለስርጭት ክፍሉ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ያ ጊዜ ራሱ ለሾፌሩ እረፍት አይደለም። መሪውን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ ጎማው ላይ የተለጠፈውን ቆሻሻ ያራግፋል፣ ፍሬን እየረገጠ ያሞቃል፣ የዘይትና የውሃ ሙቀት ያያል፣ አንዳንዴ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር ያጠፋል። ስለዚህ ጥያቄው ከ5 ሰከንድ አይብለጥ፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ይበቃል። «በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ፣ ከዚያ ደግሞ ስለ መኪናው ሁኔታና ስለ ቀጣዩ ዙር እቅድህ ብትነግረን» የሚለው የእኛ አገር አጠያየቅ እዚህ አይሠራም፤ ሾፌሩ የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ቃል ነው። ጥሩ ጥያቄ «3ኛ መታጠፊያ ላይ የኋላው ይከዳሃል?» ዓይነት ነው። እጁ ላይ ያለውን ነገር ስለምትጠይቀው ሳያስብ ይመልስልሃል። ንግግርህን መጨረስህም ይታወቅለት፤ ጥያቄህ እንደ ጥያቄ ካላበቃ ቁልፉን መቼ እንደሚጫን አያውቅም።

ለምን በሩጫ ላይ አይጠየቅም ለሚል፣ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 69 ሜትር ያህል ይሄዳል። የ10 ሰከንድ መልስ 700 ሜትር መንገድ ነው።

ቀይ ባንዲራ ሌላ ዓለም ነው። መኪናው ቆሟል፣ ሞተር ጠፍቷል፣ ማናገር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዴይቶና 500 ላይ ሁዋን ፓብሎ ሞንቶያ ትራክ ማድረቂያውን የጄት ሞተር መኪና ገጭቶ እሳት ሲነሳ ውድድሩ ለረጅም ሰዓት ቆመ፤ ብራድ ኬሰሎውስኪ መኪናው ውስጥ ሆኖ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ትዊት አደረገ፣ በዚያች ምሽት ከ100,000 በላይ ተከታይ ጨመረ። ሁሉም አጨበጨበ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ፊኒክስ ላይ በቀይ ባንዲራ ጊዜ እንደገና ሲያደርገው ስልክ መኪና ውስጥ ይዘሃል ተብሎ 25,000 ዶላር ተቀጣ። የቴሌቪዥኑ ራዲዮ አዘጋጁ ያወቀውና የፈቀደው መስመር ነው፤ የኪስ ስልክ ግን በዚያ በኩል ምን መረጃ እንደሚገባ ማንም አይቆጣጠረውም።

ኮንሮድ_ቁልቁለት

ቢጫ ባንዲራ፣ «በሩጫ ላይ አይጠየቅም» የሚለው ለናስካር ልክ ነው። ባተርስት ግን 161 ዙር፣ እያንዳንዱ 6.213 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በሬስካም ዘመን እነ አውስትራሊያዊው ሾፌር ዲክ ጆንሰን በሙሉ ፍጥነት እየነዱ ከስቱዲዮው ጋር ይቀላለዱ ነበር። የሚያወሩት ግን ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ነው። ተራራው አናት ላይ፣ ግድግዳው መስታወቱን ሊነካ በቀረበበት ቦታ፣ ማንም አፉን አይከፍትም። ኮሜንታተሩ የትራኩን ካርታ በቃሉ ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው፤ ሾፌሩ ዝም ሲል ራዲዮው ተበላሸ ብሎ ጥያቄውን የሚደግም ኮሜንታተር ጉዳት ነው።

ደግሞ ሁላችሁም የዘነጋችሁት ነገር አለ፤ በውድድሩ መሃል ከሚደረጉ ቃለ መጠይቆች ብዙውን ጊዜ የሚበልጠው ከመኪናው የወረደው ሰው የሚሰጠው ነው። እዚያ አንድ መኪና በሁለት ሾፌር ስለሚነዳ ሁልጊዜ አንዱ ጋራዥ ውስጥ አለ። እግሩ መሬት ላይ ነው፣ መኪናውን ከደቂቃዎች በፊት ነድቶታል፣ ገመድ ባለው ጥሩ ማይክ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዲክ ጆንሰን እየመራ ሳለ ትራክ ላይ የወደቀ ድንጋይ ገጭቶ ፎርዱ ሲሰባበር፣ በስሜት ተውጦ በቀጥታ ስርጭት ተናገረ። ገንዘቡን ሁሉ ያፈሰሰበት መኪና ነበር። ተመልካቹ እየደወለ 72,000 ዶላር ያህል አዋጣ፣ የፎርድ አውስትራሊያው ኤድሰል ፎርድ 2ኛም በዚያው ልክ ጨመረለት። ያን ሁሉ ያመጣው አንድ ማይክ ነው፤ ሄሊኮፕተር አላስፈለገውም።

ሰማያዊ_ባንዲራ

የፎርሙላ 1ን ጥያቄ ማንም አልነካውም።

ደንቡ ሾፌሩ መኪናውን ብቻውንና ያለ ረዳት ይንዳ ይላል። እ.ኤ.አ. እስከ 2016 አጋማሽ ድረስ ኢንጂነሩ ራሱ በራዲዮ የሚናገረው ተገድቦ ነበር። በዚያው ዓመት ሲልቨርስቶን ላይ ኒኮ ሮዝበርግ ስለ ማርሽ ሳጥኑ በራዲዮ ስለተነገረው 10 ሰከንድ ተጨምሮበት ከ2ኛ ወደ 3ኛ ወረደ። ገደቡ ከጀርመን ውድድር ጀምሮ በአብዛኛው ተነሣ፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን አለ። አሁን ኮሜንታተር ገብቶ «ፊት የሚመራው ሾፌር በ4 ሰከንድ ይቀድምሃል፣ ከኋላ ዝናብ እየመጣ ነው፣ ምን ታስባለህ?» ቢለው ጥያቄ ነው ወይስ መረጃ? ናስካርም ሆነ ባተርስት ላይ ጥሩ ጠያቂ ሾፌሩን ይጠይቃል እንጂ አይነግረውም።

በፎርሙላ 1 የምንሰማው የቡድን ራዲዮ ተመርጦ፣ ትንሽ ዘግይቶ የሚለቀቅ ነው፤ ኮሜንታተሩ አድማጭ እንጂ ተናጋሪ አይደለም። ክፍተቱን የሚሞሉት ፒት ግድግዳ ላይ ያለውን የቡድን ኃላፊ በቀጥታ በማናገርና፣ ከውድድሩ የወጣውን ሾፌር ውድድሩ ሳያልቅ ወደ ጋዜጠኞች መቀበያው በማምጣት ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2012 አቡ ዳቢ ላይ ኪሚ ራይኮነን እየመራ ለገዛ ኢንጂነሩ «ተወኝ፣ የምሠራውን አውቃለሁ» ሲለው ዓለም ሰምቷል። ኮሜንታተር ቢሆን ኖሮ የሚለውን አስቡት።

ናይቫሻ_አቧራ

ራሊን ጨምሩ እንጂ! በውድድር መሃል የሚደረግ ቃለ መጠይቅ በመደበኛነት የሚሠራው እዚያ ነው፤ ለእኛም ቅርቡ የኬንያው ሳፋሪ ነው።

መኪናው የማጠናቀቂያውን መስመር በሙሉ ፍጥነት ካለፈ በኋላ ጥቂት መቶ ሜትር ሄዶ «ስቶፕ» የሚል ሰሌዳ ጋ ይቆማል፣ ሰዓቱ ይመዘገባል። ዘጋቢው እዚያ ነው። ናቪጌተሩ (ጎኑ ተቀምጦ መንገዱን የሚያነብለት) በአንድ በኩል ወረቀቱን ሲያስፈጽም ዘጋቢው በሾፌሩ በኩል በመስኮት ማይክ ያስገባል። ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ ቢሞላ ነው፤ ከኋላ ሌላ መኪና እየመጣ ነው። ሾፌሩ ሄልሜት እንዳጠለቀ፣ ትንፋሹ ሳይመለስ ነው የሚናገረው። ማይኩ ወፍራም ስፖንጅ ያስፈልገዋል፣ ሞተሩ አይጠፋም፣ ሳፋሪ ላይ ደግሞ መኪናው ሲቆም አቧራው ተከትሎ ይደርሳል። ዘጋቢው ከነፋሱ አቅጣጫ መቆም ካልቻለ ከመጠየቁ በፊት ያስለዋል።

የዚህ ፈጣን ቃለ መጠይቅ መዘዝም ታይቷል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2025 ስዊድን ራሊ ላይ አድሪያን ፎርሞ በቀጥታ ስርጭት አንዲት ስድብ ስላመለጠችው 10,000 ዩሮ ተቀጣ፣ ሌላ 20,000 ደግሞ በገደብ ተንጠለጠለበት። በቀጣዩ ወር ሳፋሪ ላይ ሾፌሮቹ ተስማምተው ወይ ዝም አሉ፣ ወይ በየአገራቸው ቋንቋ ብቻ መለሱ። ፊንላንዳዊው በፊንላንድኛ ሲነግረው የቆመው ዘጋቢ ምን ይበል? ለእኔ ጥፋቱ የሾፌሩ አይደለም፤ ከ20 ደቂቃ ሞት ሽረት በኋላ ማይክ አፉ ላይ ደቅነህ የቤተ ክህነት ቋንቋ መጠበቅ አይገባም።

ፍሬን_ዘይት

አቤት፣ አመሰግናለሁ። ኬብል በኬብል፣ አሁን የካርቲንጉን ብታሳየኝ። ራዲዮዎቹ ዩኤችኤፍ ናቸው፣ በ460 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ። ሾፌሩ እጁን ከመሪው እንዳያነሳ በድምፅ ራሱ የሚከፈተውን ዘዴ ልጠቀም አስቤ ነበር።

ኬብል_በኬብል

በድምፅ የሚከፈተውን ርሳው። የካርቱ ሞተር ሁልጊዜ ስለሚጮህ ራዲዮው ተከፍቶ ይቀራል፣ ቻናሉ ይያዛል፣ አንተም መናገር አትችልም። ድምፅ መለየቱን ብታጠብቀው ደግሞ የእያንዳንዱን መልስ የመጀመሪያ ቃል ይበላል። ቁልፍ አድርግ፤ መሪው ክንድ ላይ አውራ ጣቱ ከሚያርፍበት ቦታ በቬልክሮ እሰረው። ገመዱ መሪው ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው ሲዞር የማይወጠር ይሁን፤ ግን የተረፈው ከመሪው ዘንግ ጋር እንዳይጠማዘዝ። ቁልፉን ከተጫነ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ቆይቶ እንዲናገር አለማምደው።

ራዲዮውን ካርቱ ላይ አትሰረው፤ ካርት ስፕሪንግ የለውም፣ ንዝረቱ ሶኬቱን ይነቅለዋል። በስፖንጅ ጠቅልለህ ሾፌሩ የሚለብሰው ማንጠልጠያ ኪስ ውስጥ ክተተው። የሄልሜቱ ገመድ ሾፌሩ ተነስቶ ሲወጣ በራሱ የሚላቀቅ ሶኬት ይኑረው፤ ይህች ለድርድር አትቀርብም። ማይኩን ከከንፈሩ 1 ሳንቲ ሜትር ላይ አድርገው፣ ስፖንጁን በላብ ሲርስ ቀይረው።

በሚክሰሩ በኩል ያለው ራዲዮ የማዳመጫ ድምፁ ለሚክሰር ይበዛል፣ በዚያ ላይ የመሬት ሽቦው ስለሚገናኝ ሁም (የማያቋርጥ እምም የሚል ድምፅ) ያመጣል። በመካከል ዲአይ ቦክስ (ድምፁን ለሚክሰር የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) ወይም 1 ለ 1 ትራንስፎርመር ግባበት፣ የራዲዮውን ድምፅ ግማሽ ላይ አቁመህ ምልክት አድርግበት፣ ከዚያ የምታስተካክለው በሚክሰሩ ብቻ ነው። በራዲዮ የሚመጣው ድምፅ ከ300 እስከ 3,000 ኸርዝ ያለው ብቻ ስለሆነ ከ200 በታችና ከ4,000 በላይ ያለውን ቁረጠው፤ እዚያ ያለው ጩኸት ነው።

ወደ ሾፌሩ ለመላክ የሚክሰሩን ኦክስ (ለብቻ የሚወጣውን ተጨማሪ መውጫ) ከፌደር (ከድምፅ ማንሸራተቻው) በፊት እንዲወጣ አድርገህ የኮሜንታተሩን ማይክ ብቻ ክፈትበት። የራዲዮውን ቻናል ኦክስ ዜሮ አድርገው። የኦክሱ ድምፅ ለራዲዮው ማይክ መግቢያ እጅግ ይበዛል፤ 40 ዴሲቤል የሚቀንስ ማዳከሚያ ያስፈልጋል። በዚያ መግቢያ ላይ ራዲዮው ለማይኩ የሚሰጠው ትንሽ ቮልቴጅም አለ፤ ወደ ሚክሰሩ እንዳይመለስ ከ1 እስከ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ግባበት።

አንቴናን በተመለከተ፣ ካርት ላይ የራዲዮው የራሱ አንቴና ይበቃል፣ ግን ከሾፌሩ ገላና ከሻማው ገመድ ይራቅ። ኮረንቲ የማያፍን ሻማ ከሆነ በየብልጭታው ራዲዮው ውስጥ ትክ ትክ ይላል፤ ሬዚስተር ባለው ሻማ ቀይረው። በሚክሰሩ በኩል ግን አንቴናውን ከፍ አድርገህ ስቀል። የሩብ ሞገድ አንቴና በ460 ሜጋ ኸርዝ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ከሥሩ ብረት ይፈልጋል፤ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ቁራጭ በቂ ነው።

ቢጫ_ባንዲራ

ሁለት ነገር ልጨምር። ካርቲንግ አጭር ነው፣ ረጅም የሴፍቲ ካር ጊዜ አትጠብቅ፤ ሾፌሩን በማሞቂያው ዙርና ባንዲራው ከወደቀ በኋላ ባለው የማብረጃ ዙር አናግረው። የውድድሩ ዳይሬክተር አስቀድሞ ይወቅ፣ የእሱና የማርሻሎቹ ቻናል ከአንተ የተለየ ይሁን። ፍሪኩዌንሲውን ደግሞ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሳታስፈቅድ አትክፈት፤ በዚያ ክልል ላይ የጥበቃና የሆቴል ራዲዮ ይሠራል፣ በማሞቂያው ዙር መሃል የሆቴል በረኛ «መኪና አስገባ» ሲል በቀጥታ ልታስተላልፍ ትችላለህ።

ፍሬን_ዘይት

ለዚያስ በራዲዮው ላይ ያለው የድምፅ ኮድ አይበቃም? የሌላውን ሰው ያግድልኛል ብዬ ነበር።

ኬብል_በኬብል

ኮዱ ጆሮህን ነው የሚዘጋው፣ ቻናሉን አይደለም። በረኛው ሲናገር አንተ አትሰማውም፤ ነገር ግን በዚያው ሰዓት ሾፌርህ ከተጫነ ሁለቱ ይጋጩና ሾፌርህ ይቆራረጣል። አንተም አንቴናው ነው ብለህ ስትነካካ ትውላለህ። ኮዱን ሙላው፣ ግን ቻናሉ የራስህ ይሁን። ውድድሩ በሚደረግበት ቀንና ሰዓት ከሳምንት በፊት ሄደህ ኮዱን አጥፍተህ አንድ ሰዓት አዳምጥ፤ ቻናሉ ከተያዘ ያኔ ትሰማዋለህ።